ጨዋታ ሥራ ፈትነት ነውን?

ሰዎች ተሰብስበው የሚናገሩበት ምክንያት ብዙ ነው። ነጋዴ ሊሸጥና ሊገዛ ይናገራል፤ ዳኛ ሊፈርድ፣ ባለጉዳይ ሊከራከር፣ መምህር ሊያስተምር፣ ቄስ ሊናዝዝ ይናገራል። እነዚህ ንግግሮች ሁሉ ከበስተኋላቸው ጉዳይ፣ ከፊታቸው ግብ አላቸው። ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ፣ የሚሸጥበት ዕቃ የሚፈረድበት ነገር የሌለው፣ ስለ ዝናብና ስለ ሰብል፣ ስለ ልጅና ስለ በሬ፣ ስለ ሰፈርና ስለ ዓለም እንዲያው እንደመጣ የሚነገር ንግግር ግን አለ። አማርኛ ይህን «ጨዋታ» ይለዋል። ሕፃናት በሜዳ ላይ የሚያደርጉትንና ሽማግሎች በምድጃ ዳር የሚያወጉትን በአንድ ቃል መጥራቱ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ሁለቱም ከራሳቸው ሌላ ዓላማ የላቸውምና።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ንግግር ለሰው ልጅ ምን ይፈይዳል? ጉልበቱንና ጊዜውን ለልማት ሊያውል የሚገባው ኅብረተሰብ ረጅም ሰዓት በቡናና በጨዋታ ማሳለፉ ሊያስወቅሰው አይገባምን? ወይስ በዚያ ከንቱ በሚመስለው ሰዓት በሌላ ስፍራ የማይሠራ አንዳች ሥራ ይሠራል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሰው ለሰው ያለበት ግዴታ ከየት ይጀምራል የሚለውን ታላቅ ጥያቄ በሆዱ የያዘ ነው።

በጨዋታ ላይ የሚቀርበው ክስ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። አበው «ዝም አይነቅዝም» ሲሉ የዝምታን ጎተራ አመስግነዋል፤ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉም አንዴ የተለቀቀ ቃል እንደማይመለስ አስጠንቅቀዋል። በጣና ደሴቶች፣ በደጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል፣ መናንያን ከዓለም ወሬ ርቀው አርምሞን እንደ ታላቅ ትሩፋት ይዘው ኖረዋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገርም እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው «ኅላዌና ጊዜ» በተሰኘው ሥራው፣ የዕለት ተዕለት ወሬ ተናጋሪው ነገሩን ከምንጩ ሳይመረምር ከአፍ ተቀብሎ ወደ አፍ የሚያቀብለው፣ ሥሩን የለቀቀ ንግግር መሆኑን ያትታል። መነኩሴውና ፈላስፋው በሌላ ነገር ባይስማሙ እንኳ በዚህ ይገናኛሉ፤ በወሬ መካከል የሚኖር ሰው ራሱን አያገኝም ባዮች ናቸውና።

በአንጻሩ የጥንቱ ግሪካዊ አሪስቶትል ጨዋታን ከምግባር ወገን ያስቀምጠዋል። ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ አራተኛ ክፍል እንደሚያስረዳው፣ ሕይወት ሥራ ብቻ ሳይሆን ዕረፍትም አለው፤ በዕረፍትም ጊዜ ምን እንደሚነገርና እንዴት እንደሚደመጥ የሚለይ በጎነት አለ። በአንድ ወገን ለማሳቅ ሲል የማንንም ክብር የሚረግጥ ቀልደኛ፣ በሌላው ወገን ለጨዋታ ምንም ሳያዋጣ በሌላው ጨዋታ የሚከፋ ደረቅ ሰው ይቆማሉ። ምግባረ ሠናዩ ከሁለቱ መካከል ነው። እንግዲህ በአሪስቶትል ሚዛን ጨዋታ የምግባር ማረፊያ ሳይሆን አንዱ የምግባር መፈተኛ ነው ማለት ይቻላል።

ከነዚህ ሁለት ፍርዶች የትኛው እንደሚያመዝን ለማየት ከመጻሕፍት ወጥቶ የጣናን ዳርቻ መመልከት ይጠቅማል። ቁንዝላ በሰሜን አቸፈር ወረዳ፣ ከሐይቁ በስተምዕራብ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌንና ደቅን እየነካ ወደ ጎርጎራ የሚያቀና የሁለት ቀን የመርከብ ጉዞ ለብዙ ዓመታት ሌሊቱን ያሳልፍ የነበረው እዚህ ነው። እህል የጫነ ነጋዴ፣ ከንግሥ የሚመለስ ተሳላሚ፣ ዘመድ ለመቅበር የሚሄድ ኀዘንተኛ፣ ልጇን ለማሳከም ባሕር ዳር ደርሳ የምትመለስ እናት፣ ሁሉም ያለ ፈቃዳቸው በአንድ ሌሊት አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሚያስተሳስራቸው ሥጋ ዝምድና የለም፤ የሚያጣላቸው የድንበር ክርክርም የለም። ነገ ጎሕ ሲቀድ መርከቡ ይነሣል፤ ከወረዱም በኋላ ብዙዎቹ ዳግመኛ አይተያዩም።

በዚህ ሌሊት የሚነገረው ምንድን ነው? የጤፍ ዋጋ፣ የከብት በሽታ፣ የክረምቱ መዘግየት፣ የልጆች ትምህርት ነው። ታላላቅ የአገር ጉዳዮችም በዚያው ተራ አነጋገር መካከል ይገባሉ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ውሃውን የሚቀበለው በዚሁ በቁንዝላ አካባቢ ከሐይቁ ተጠልፎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ውስጥ ከሚጓዘው ወራጅ ነው፤ እምቦጭ የተባለውም መጤ አረም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን አስጨንቋል። የዳርቻው ሰው እነዚህን ነገሮች በስብሰባ አዳራሽ አጀንዳ አስይዞ ከመወያየቱ በፊት ከበሬ ዋጋና ከልጅ ክርስትና ጋር ቀላቅሎ ይጫወታቸዋል። አሳብ አስቀድሞ የሚፈተነው ማንም በማይመዘግበው በዚህ ስፍራ ነው።

ይሁንና የቁንዝላ ሌሊት ትልቁ ፍሬ ወሬው አይደለም። የደምቢያ ሰውና የአቸፈር ሰው፣ አንዱ ከሌላው ምንም ሳይፈልግ፣ አንዱ የሌላውን ኑሮ ማወቁ ነው። የሚፈልጉትን ሰው ማድመጥ ቀላል ነው፤ ጥቅም ጆሮን ይከፍታልና። የማይፈልጉትን፣ ነገም የማያገኙትን ሰው ማድመጥ ግን ያ ሰው ስለሚሰጠው ነገር ሳይሆን ስለ ሰውነቱ ብቻ መከበሩ ነው። ጨዋታ ዓላማ የለውም ተብሎ የሚነቀፍበት ነገር ራሱ ክብሩ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው።

የቡና ሥርዓትም ይህንኑ በጊዜ ይደነግጋል። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት በሰፊው የተለመደው ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው፤ ጨዋታ ግን ከቡና በፊት በጠላ ቤት፣ በማኅበርና በሰንበቴ ነበረ። ቡና የጨመረለት ነገር ቢኖር ልክ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሦስቱ ተራ ሳይፈጸም መነሣት ነውር ነው፤ ስለዚህ ያልጣመው ንግግር እንኳ እስከ መጨረሻው ይደመጣል፣ ያልተናገረም ሰው ተራው እስኪደርስ ይጠበቃል። ስኒ የሚያጥበው እጅ ሳያውቀው የሸንጎ ሥርዓት ያስከብራል።

ጨዋታ ማስተዋልንም ይወልዳል። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከፎገራ ምድር የተገኙት የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ አለቃ ገብረ ሃና በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት በቀልዳቸው ነው። በቤተ ክህነት ግን ስማቸው የሚነሣው ተክሌ በሚባለው አቋቋም ነው፤ የሐይቁን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ደንገል ተመልክተው ዝማሜውን እንደቀመሩትና ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩት በትውፊት ይነገራል። ሁለቱ ሰዎች ሁለት አይደሉም፤ ደንገሉን ያየው ዓይንና የባለሥልጣኑን ጉድለት ያየው ዓይን አንድ ነው። ሕዝቡም በፊት ለፊት ሊናገረው ያልደፈረውን በአለቃ ስም እየቀለደ ሲናገር ኖሯል።

ነገር ግን የጨዋታን ምስጋና እዚህ ላይ ማቆም ክሱን ሳይመልሱ ማለፍ ይሆናል። ጨዋታ ሐሜት የሚሆነው ከየት ጀምሮ ነው? ሰውን «የቡና ቁርስ አደረጉት» ሲባል አባባሉ ዘግናኝ መሆኑ በልማድ ብዛት አይሰማም። በስፍራው የሌለ ሰው መልስ የለውም፤ ምስክር አይጠራም፤ ይግባኝ አይጠይቅም። ስለዚህ ጨዋታ የሚመዘነው ለተቀመጠው ሰው በሚያሳየው ትሕትና ሳይሆን ላልተቀመጠው በሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ሚዛኑም ይህ ሊሆን ይችላል፦ ስሙ የሚነሣው ሰው ድንገት በሩን ገፍቶ ቢገባ፣ ንግግሩ ሳይቋረጥ መቀመጫ ሊለቀቅለት ይቻላልን?

ይህ ሚዛን ግን ብቻውን አይበቃም። አራጣ አበዳሪ ያስጨነቀው ገበሬ፣ ባሏ የሚደበድባት ሴት፣ ሹም የበደለው ድኻ ስለ በዳያቸው የሚናገሩት በዳዩ በሌለበት ነው፤ በፊቱ ሊናገሩ አይችሉምና። በዳዩ በሩን ገፍቶ ቢገባ ቤቱ ጸጥ ይላል። ይህ ጸጥታ የሐሜተኛ ጸጥታ ነውን? አይደለም። ጸጥታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከኀፍረት፣ ሌላው ከፍርሃት ይወለዳል። በኀፍረት ዝም ያለ ሰው ቀድሞም ሊናገር የማይገባውን ተናግሯል፤ በፍርሃት ዝም ያለው ግን ሊናገር የሚገባውን ተከልክሏል። ሁለቱን ያልለየ ሥነ ምግባር ደካማውን «ሐሜተኛ» እያለ ኃይለኛውን የሚጠብቅ ዘበኛ ይሆናል።

ፍርሃት ጨዋታን ሲገድል ምን እንደሚመስል አገሪቱ ታውቃለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በብዙ ከተሞች ጎረቤት ጎረቤቱን ሠግቷል፤ ወላጅ በልጁ ፊት ቃሉን መጥኗል። ቡናው አልቀረ ይሆናል፤ ጨዋታው ግን ቀርቷል። የዚያ ዘመን ጉዳት የሚቈጠረው በሞቱት ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ያሉት እርስ በርስ መተማመንን መልሰው እስኪማሩ ድረስ ባለፈው ጊዜም ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ስለሚታማውም ስለሚፈራውም አይደለም፤ ከቶ ስላልተጠራው ነው። በጣና ዳርቻ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያሰግሩ፣ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ። በቀድሞ ዘመን የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ከነርሱ ጋር ማዕድ አይቈርሱም ነበር። ታንኳቸው ተፈልጓል፤ የሠሩት ወፍጮ ተገዝቷል፤ ስኒ ግን አልቀረበላቸውም። ይህ ማለት ከገበያው ንግግር ተካፍለዋል፣ ከጨዋታው ግን ተለይተዋል ማለት ነው።

በ1770ዎቹ መግቢያ (እ.ኤ.አ.) በጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እነዚህ ሰዎች ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ሊያውቀው ስለ ፈለገ በንጉሡ ትእዛዝ ሁለት ሰዎች ተይዘው እንዲመጡለት አደረገ። ጠየቃቸው፤ አልመለሱም። በስቅላት ተዛተባቸው፤ አሁንም አልመለሱም። ተጓዡም አንዳች ርግጠኛ ነገር ሳያገኝ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ ሲጽፍ ሕዝቡ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ነበር፤ በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግርዮልም ይህንኑ አረጋገጠ። ዛሬ ከዚያ ቋንቋ የቀረው እጅግ ጥቂት ቃል ስለሆነ ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ እንደሚመደብ እንኳ ሊቃውንቱ መወሰን አልቻሉም።

የዚህ ታሪክ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ብሩስ ትጉህ ሰው ነበር፤ ለማወቅ ሲል ብዙ ባሕርና ብዙ ምድር አቋርጧል። ሆኖም ቃልን እንደ ግብር አስገብሮ ሊወስድ ፈለገ። ሁለቱ ሰዎች ጥያቄውን ቢረዱትም ባይረዱትም፣ በገመድ ፊት የሚሰጥ ቃል ጨዋታ እንደማይሆን ያውቁ ነበር። የንጉሥ ዛቻ ሊያወጣው ያልቻለውን ምናልባት አንድ የታንኳ ሠሪ ጎረቤት፣ ልጆቹ ከልጆቻቸው ጋር አብረው የሚዋኙ፣ ቡናው ወይም ጠላው ሲደርስ «ኑ» የሚል ሰው፣ ሳይጠይቅ በሰማው ነበር። ያ ጎረቤት አልተገኘም፤ ወይም ቢገኝም ልማዱ ከለከለው። አንድ ሕዝብ ስለ ዓሣና ስለ ነፋስ፣ ስለ ልጅና ስለ ሞት በገዛ ቋንቋው ሲጫወት የኖረው ሁሉ አንድ ገጽ ሳይቀርለት ጠፋ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ጨዋታ ሥራ ፈትነት የሚሆነው ሰው ለሰው ጆሮ ሳይሰጥ አፉን ብቻ ሲያሠራ ነው፤ ሃይደገር የነቀፈው ወሬ ይህ ነው። ተካፋዮቹ ሲደማመጡ ግን ጨዋታ ሕግ ሊያዝዘው፣ ገንዘብ ሊገዛው፣ ጉልበት ሊነጥቀው የማይችለውን ነገር፣ ሰው ስለ ራሱ በፈቃዱ የሚሰጠውን ቃል፣ የሚያስገኝ ብቸኛ ስፍራ ነው። የመነኩሴው አርምሞም ከዚህ ጋር አይጣላም፤ ዝምታን የማያውቅ ሰው ማድመጥንም አያውቅምና።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ግዴታዎች ይከተላሉ። አንደኛው በባህል ሥራ ላይ ለተሰማሩ ነው። የጥበብ ቅርስ ሲሰበሰብ ግጥሙ፣ ቅኔውና ተረቱ ይመዘገባል፤ የታንኳ ቀዛፊው፣ የዓሣ አስጋሪውና የገበያተኛዋ ተራ ጨዋታ ግን «ቁም ነገር የለውም» ተብሎ ይታለፋል። የነገደ ወይጦ ቋንቋ ዕጣ የሚያስተምረው፣ ሲጠፋ ሊመለስ የማይችለው ይኸው ቁም ነገር የለውም የተባለው መሆኑን ነው። ምዝገባውም በብሩስ መንገድ ሊሆን አይገባም፤ መዝጋቢው መጠይቁን ከማውጣቱ በፊት እስከ በረካ መቀመጥን መልመድ አለበት።

ሁለተኛው ግዴታ ቡና ለሚያፈላው ሁሉ ነው፤ ይህም ከፊተኛው ይከብዳል። በየሰፈሩ ዛሬም ዕቃው የሚገዛ፣ ጉልበቱ የሚፈለግ፣ ቡና ሲፈላ ግን የማይጠራ ሰው አለ፤ መጤ ነው ይባላል፣ ወይም ሥራው ይናቃል፣ ወይም በሽታው ይፈራል። ስለርሱ የሚወራው ብዙ ነው፤ ከርሱ የተሰማ ግን ምንም የለም። ያንን ሰው ለመጥራት ደንብ ማውጣት ወይም ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም፤ ረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ መጨመር ይበቃል። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ዘመን ሳይደረግ መቅረቱ ነው ጨዋታን ከሥነ ምግባር ጥያቄዎች መካከል ያስቈጠረው።