ፊልሙ እንዴት ነበር?

«ፊልሙ እንዴት ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ስንት ጊዜ እውነቱን ይናገራል? እኔ በበኩሌ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት በዚህች ጥያቄ ላይ የዋሸሁትን ያህል በሌላ ጉዳይ የዋሸሁ አይመስለኝም። ውሸቱ ደግሞ ሲያዩት ማንንም አይጎዳም። ብር አልተወሰደበትም፣ ሰው አልታሰረበትም፣ ማንም አልማለበትም። «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ወረታ ላይ የገጠመኝ ነገር ግን ይህችን ትንሽ ውሸት ዞር ብዬ እንዳያት አስገደደኝ።

ወረታን በስሟ ብቻ ለምታውቋት፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት ሞልተው የሚተኙበት፣ ጫፉ ጣናን የሚነካ ለጥ ያለ ሜዳ። እኔ ልጅ ሳለሁ ፎገራ ሲባል ላምና በሬ ነበር የሚታሰበን፤ ዛሬ ሩዝ ነው። እንጀራው ሳይቀር በሩዝ ይደባለቃል። የዚያን ኅዳር ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ አጨዳው ደርሶ፣ ሜዳው ወርቅ መስሎ፣ ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ ነበር።

ማታ ማታ እህቴ ቡናዋን አቀራርባ ቃና ቴሌቪዥን ትከፍታለች። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ማናገር ከያዘ ወዲህ፣ ፎገራም የኢስታንቡልን ጉድ ከጎረቤቱ ጉድ እኩል ያውቃል። እህቴ ዝም ብላ የምታይ ሰው አይደለችም። «ይቺ ሴትዮ ምን ሥራ አላት? ከእንቅልፏም ተኳኩላ ነው እኮ የምትነሳው!» ትላለች። «ይኸስ? ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ነገር ሊነግራት አፉን ከፍቶ ቀረ!»

«እታለም፣ ታዲያ ለምን ታይዋለሽ?» አልኳት።

«ጠላሁት አልኩህ? ውሸቱ ውሸት ነው አልኩ እንጂ። እናቲቱ ስታለቅስ ግን እውነቷን ነው።»

በዚያ ምሽት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መምጣቴን ሰምቶ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። አሁን እሱም መምህር ሆኗል። የእህቴን ፍርድ ሰምቶ ሳቀና፣ «እትዬ፣ እርስዎ መምህርጋ ቢማሩ ኖሮ ይወድቁ ነበር» አላት። ቀልድ ነው ብዬ አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ሲተርክልኝ ነው ሳቄ የቆመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለክፍሉ አሳይቼ ነበር። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ የተማረ ሰው ነው፤ ፊልሙን የቀረጸው በ1966 ዓ.ም.፣ ሥርዓቱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ እዚሁ አገር ቤት ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ጌትዬው ተቀምጦ ይሳደባል። ካሜራው አይቸኩልም። ከዚያ ተማሪዎቹን «ሂስ ጻፉ» አልኳቸው። የዚህ ልጅ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ፊልሙን ሳይ እንቅልፍ ወስዶኛል» የሚል ነበር። በቀይ አሰመርኩበት። ከግርጌው «ይህ ሂስ አይደለም» ብዬ ጽፌ ዝቅተኛ ማርክ ሰጠሁት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ያላወቀብኝን ነገር ልንገርህ። በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱ በጠፋው ክፍል የኋላ ወንበር ላይ፣ እኔም ተኝቼ ነበር። መብራቱ ሲበራ ነው የነቃሁት። ነቅቼም ወደ ሰሌዳው ወጥቼ፣ የፊልሙ ዝግታ የገበሬውን የጊዜ ስሜት እንዴት አድርጎ እንደሚያሳይ ግማሽ ሰዓት አስተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያየኋቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ የተናገርኩትንና የተሰማኝን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ልማዴ ሆነ። ሒሳቡ አያኮራም።

መጀመሪያ «ማዘር ኢንዲያ»። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ የሕንድ ፊልም ነው። ያየሁት በወጣትነቴ፣ አግዳሚ ወንበር በተደረደረበት ቪዲዮ ቤት ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ግን ምን መስማት ያስፈልጋል? አራጣ አበዳሪ አለ፤ ጎርፍ እህሉን ይወስዳል፤ እናት ልጆቿን ይዛ በጭቃው ውስጥ ቀንበር ትጎትታለች። የፎገራ ሰው ይህን ሊተረጎምለት ነው? በመጨረሻ እናቲቱ ሽፍታ የሆነውን ልጇን፣ የሰው ልጅ አፍኖ ሊወስድ ሲል፣ በገዛ እጇ ተኩሳ ስትጥለው ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ አለቀስኩ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ግን «የሕንድ ፊልም» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የተጠቀምኩበት። «ዘፈንና እንባ» እያልኩ ተማሪ አስቄበታለሁ።

«ታይታኒክ»ን በተመለከተ ሁሉም ሰው ስለ ሁለቱ ወጣቶች ሲያወራ እኔም አብሬ አወራሁ። ለእኔ ግን ልጁና ልጅቷ ብዙም አልነኩኝም። የማልረሳው መርከቡ ሲሰጥም አልጋቸው ላይ ተቃቅፈው ውኃውን የሚጠብቁትን ሽማግሌና አሮጊት ነው። የሚታዩት ለአፍታ ነው። የሦስት ሰዓቱ ፊልም ለእኔ ያች አፍታ ናት።

«ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ ቬኒስ ላይ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ዋጋዱጉ ፌስፓኮ ላይ ሲሸለም ሰፈሩን ሁሉ እኔ የሸለምኩት ያህል ኮራሁ። አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ከጀርመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ሲመለስ፣ አነጋገሩም ሐይቁም የኔ ነው። እውነቱን ካወራን የውዴታዬ እኩሌታ ለጣና ነው እንጂ ለፊልሙ አልነበረም። ጊዜው ወዲያና ወዲህ ሲዘል መንገዱ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ግን «የተሰበረ ትውስታ ቅርጽ» አልኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው እንደዚያም ሆኖ አገኘሁት። ግን መጀመሪያ ስናገር አላየሁትም ነበር፤ ልክ የሆነ ውሸት ነው የተናገርኩት።

«ድፍረት» የተጠለፈች ልጅ ታሪክ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ጉዳዩ እንዲህ ከባድ ሲሆን ስለ ፊልሙ መናገር ያስፈራል። ሽማግሌዎቹ የሚፈርዱበት ትዕይንት አስደንግጦኛል። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ሰዎቹ ቤታቸውም ሆነው ችሎት የቆሙ ያህል ሲናገሩ ሰማሁ። ይህን ጮክ ብሎ መናገር ለጠላፊው መወገን መስሎኝ ዋጥኩት። አይደለም። ጉዳዩ እውነት ስለሆነ ፊልሙ ሁሉ ይሳካል ማለት አይደለም፤ እንከኑን መናገርም ጉዳዩን መካድ አይደለም።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ሳይ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። በ2007 ዓ.ም. ካን ላይ በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ተራራው እጅግ ስላማረ «ይህ ለፈረንጅ ዓይን የተቀባ ነው» ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ለጓደኞቼም እንደዚያ አልኩ፣ ማጣጣል አዋቂ ያስመስላልና። እናቱ የሞተችበት ልጅ በጉን ከመታረድ ሊያድን ሳምቡሳ እየጠበሰ ሲሸጥ ግን ልቤ ተነክቶ ነበር። ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር ሲታይ የሚሰደብበትን አገር እኔም አውቀዋለሁ። ያንን አልተናገርኩም።

አያችሁት? የደበቅሁት እንቅልፌን ብቻ አይደለም፤ እንባዬንም ነው። እንቅልፌን የደበቅሁት አላዋቂ እንዳልባል ነው፣ እንባዬንም የደበቅሁት ለዚያው ነው።

ይሉኝታ የምንለው ይህ ነው። ይሉኝታን ሙሉ በሙሉ ልኮንን ግን አልችልም። ቤቱን ሸጦ ፊልም የሠራ ሰው በምረቃው ዕለት በር ላይ ቆሞ ዓይን ዓይንህን ሲያይህ፣ «ሁለተኛው አጋማሽ አሰልቺ ነው» ብለህ ብታልፍ ጀግንነት ነው? አይመስለኝም። በዚያች ደቂቃ እጁን ጨብጦ «እንኳን ለዚህ በቃህ» ማለት ውሸት አይደለም፤ ደክሟልና። ችግሩ በነጋታውም፣ በወሩም፣ ጋዜጣ ላይም፣ ክፍል ውስጥም ያንኑ ስንደግም ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ፊልም የሠራን ሕዝቦች ነን፤ ከሲኒማ ቤት ስንወጣ የምንሰጠው አስተያየት ግን ዛሬም ከ«አሪፍ ነው»ና ከ«ይደብራል» አልዘለለም። ሠሪው ምን እንደተሳካለት አያውቅም። ተመልካቹም ቀስ በቀስ የገዛ ምላሱን ማመን ይተዋል፤ ከመናገሩ በፊት የጎረቤቱን ፊት ያያል።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት ከዶን ኪኾቴ የወሰዳት አንዲት ታሪክ አለች። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ቀምሰው እንዲፈርዱ ይጠየቃሉ። አንደኛው «ጥሩ ነው፣ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሁለተኛው «ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማሰሪያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ይህችን ታሪክ ለዓመታት ያስተማርኳት ስለ «ስል ምላስ» ነበር። ዛሬ የምትገርመኝ በሌላ ነው። ሰዎቹ ከመናገራቸው በፊት እርስ በርስ አልተያዩም። «ወይኑ መጥፎ ነው» ብለውም አልፈረዱም። ምላሳቸው ላይ የደረሰውን ተናግረው፣ ሲሳቅባቸው አልቀየሩትም።

እንግዲህ ተራ ተመልካች ያለበት ዕዳ ይህ ይመስለኛል። «አልወደድኩትም» እና «መጥፎ ነው» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ስለ እኔ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ፊልሙ። ስለ ራሴ እውነቱን ለመናገር የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም፤ ስለ ፊልሙ ለመናገር ግን እስከ መጨረሻው መቅመስ አለብኝ። አምስት ደቂቃ አይቶ «ይደብራል» ብሎ የሚወጣም እንደ እኔ ያለ ነው፤ እሱም አልቀመሰም።

ያን ምሽት ተማሪዬን «ጽሑፍህ ከዚያ በኋላ ምን ይል ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ቡናውን ይዞ ትንሽ ዝም አለ። «እርስዎ አንብበውታል ብዬ ነበር» አለኝ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ጎርፍ የወሰደባትን የጌታዋን ላም ልታድን ስትል ሕይወቷ ያልፋል። እሱ በውኃው ድምፅ ነቅቶ ነበር። ያደገው ርብ ዳር ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። የጻፈው ያንን ነበር፦ ያስተኛው ዝግታ ከጎርፉ በኋላ ለምን እንዳላስተኛው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወዲያ አላነበብኩም።

«እኔም ተኝቼ ነበር» አልኩት። ከዚያ የተሻለ ይቅርታ አልመጣልኝም። ማርኩን የምመልስበት መንገድ የለም።

በነጋታው ማታ ላፕቶፑን ይዞ መጣና ፊልሙን እህቴ ቤት አየነው። በዚህ ጊዜ አልተኛሁም፤ ሁለት ጊዜ ግን ሰዓቴን አይቻለሁ። እህቴ የመጀመሪያውን ሰዓት ጥጥ እየፈተለች አሳለፈች፣ «ይኸማ የምናውቀው ነው» እያለች። ጎርፉ ሲመጣ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ላሚቱ የማን ናት?» አለች።

«የጌትዬው።»

«ታዲያ ለምን ገባች?» አለችና፣ እኔ ሳልመልስ ራሷ መለሰች፦ «ኧረ ወዲያ! ላሚቱ ብትሄድ ከየት አምጥተው ይከፍሉ ነበር?»

ሲያልቅ ተማሪዬ ወደ እኔ ሳያይ ወደ እሷ ዞሮ «እትዬ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?» አላት።

«ረጅም ነው» አለች እህቴ። «መሐል ላይ አንቀላፍቻለሁ። ያቺ ልጅ ግን ዛሬ አታስተኛኝም።» ከዚያ ተነስታ ሲኒዎቹን ሰበሰበች፤ ጠዋት አጨዳ ነበራት።