ስለ ሕክምና ተማሪ ትካዜ

ትካዜን ሰውሮ መሸከም ትዕግሥት ነውን? ወይስ ትዕግሥት የሚመስል ሌላ ነገር ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ስለ ሕክምና ተማሪዎች ነው፤ ሌሊት ከመጽሐፍ ጋር፥ ቀን ከሕሙማን ጋር የሚውሉ፥ ገና በወጣትነታቸው የሰውን ሞት ማየት ግዴታ የሆነባቸው ናቸውና።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ከ43 አገሮች የተሰበሰበውን መርምሮ፥ ከመቶ ተማሪዎች 27ቱ ገደማ ዛሬ ድባቴ የሚሉት ሕመም ወይም ምልክቱ እንዳለባቸው ገለጠ፤ 11 ያህሉም ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶባቸዋል። ምልክቱ ከታየባቸው መካከል ሕክምና የፈለጉት ከመቶ 16 ያህል ብቻ ናቸው። ሕክምናን የሚማር ሕክምናን ሸሸ! ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ ነገ ሰው ነፍሱን የሚያምነው፥ ዛሬ ደካማ ተብሎ እንዳይነወር ይፈራል። አንዳንዱ በቡናና በጫት ሌሊቱን ያስረዝማል፤ ይህም ከነገ ጕልበት መበደር ነው።

ሐኪም አስቀድሞ ራሱን ይፈውስ ብሎ የሚፈርድባቸውም አለ። ነገር ግን ጌታ በናዝሬት ይህን ተረት ያነሣው የማያምኑት ሰዎች በእርሱ ላይ የሚሉትን ሲገልጥ ነው እንጂ ለሐኪሞች ትእዛዝ ሲሰጥ አይደለም። ቀዶ ጥገና ዐዋቂስ የገዛ ሆዱን ይቀድዳልን?

እኛም በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች «ደበሎ ለብሰን፥ ቍራሽ ለምነን፥ ውሻ እየነከሰን ተምረናል፤ አንተ ምን ጐደለህ?» ልንለው እንቸኵላለን። ይህ ንጽጽር ሰም አለው፥ ወርቅ የለውም። የቅኔ ተማሪ ቤት ቢያፈርስ መምህሩ ያርመዋል፤ ማታም የለመነውን ከባልንጀሮቹ ጋር ይበላል። የሕክምና ተማሪ ቢሳሳት ግን በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ይጐዳል፤ ፍርሃቱንም ለብቻው ይዞ ያድራል።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጐቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም ተመልሶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዐርባ ቀን መንገድ በኋላ ነው። እኛ ካህናት ብዙ ጊዜ ከጥያቄው እንጀምራለን።

እንግዲህ ወጣቱ ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ «መኖር ታከተኝ» ቢል፥ አባቱ አስቀድሞ መብላቱንና መተኛቱን ይጠይቀው፤ ብቻውን አይተወው፤ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ያድርሰው። ጸሎቱና ጠበሉ ከሐኪሙ ጋር አይጣሉም። ኑዛዜውን ግን ለትምህርት ቤቱ ሹማምት አይንገር፤ ተማሪው ዳግመኛ አይመጣምና።