በሥራው ላይ የሚጻፈው ስም

የሰው ልጅ ፋብሪካ በርካሽ የሚያቀርብለትን ዕቃ በገዛ እጁ ለመሥራት ስለ ምን ይደክማል? በአሜሪካና በአውሮፓ በትርፍ ጊዜያቸው ከቀርከሃ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቀርከሃውን ሰንጥቀው ስድስቱን ስንጥሮች የእያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ እስኪሆን በመላጊያ ይልጋሉ፤ በሙጫ ያጣብቃሉ፤ ቀለበቶቹን በሐር ክር አስረው ቫርኒሽ ይቀባሉ። በመጨረሻም ከመያዣው በላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። ቀን በተከፋፈለ ሥራ የአንዲት ብሎን ባለቤት እንኳ ያልሆነ ሠራተኛ፣ ማታ የአንድ ሙሉ ሥራ ጌታ ይሆናል። ይህ ደስታ ቅንጦት ተብሎ ሊናቅ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚህ አያበቃም። ለዚህ ጥበብ ከሁሉ የሚመረጠው ቀርከሃ የሚበቅለው በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ነው። አሜሪካ በ1950 እ.ኤ.አ. ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ባገደች ጊዜ ቀርከሃው ተቋረጠ፤ ብዙ ሠሪዎችም ፊታቸውን ወደ ፋይበርግላስ አዞሩ። ጥበባቸው በሩቅ አገር ገበሬ ትከሻ ላይ ቆሞ እንደ ነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ በፀሐይ አድርቆ የላከው ገበሬ ስም ግን በዘንጉ ላይ አልተጻፈም።

ታዲያ በሥራ ላይ ስም መጻፍ ነውር ነውን? አይደለም፤ ለጉድለቱ ተጠያቂ መሆንን መቀበል ነውና። ነውሩ «ብቻዬን ሠራሁት» ማለቱ ነው። ገጣሚም ቢሆን ቃሉን ከሕዝብ አፍ ቆርጦ ይልገዋል እንጂ አያበቅለውም።