ካቴናው የሚወርደው ስታርፍ ነው

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ በሶደሬ መንገድ ብስክሌትህን በእጅህ እየገፋህ ስትመለስ ደጄ ላይ ተቀምጬ አይቼሃለሁ። እጅህ እስከ ክንድህ ጠቁሯል፤ የሱሪህ ቀኝ እግር በግራሶ ተለውሷል። «ጋሼ፣ ካቴናው እንደገና ወረደ» አልከኝና ሳትቆም አለፍክ። አልተቀየምኩም፤ የተናደደ ሰው ጆሮ የለውም። አሁን በርዶልህ ከሆነ ግን ቁጭ ብለህ አንብበኝ። አዳማ ውስጥ ጋሪ እንደ ልብ ይሄድ በነበረበት ጊዜ ጀምሬ፣ ባጃጅ ጋሪውን ገፍቶ እስኪያስወጣው ድረስ ብስክሌት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ነገር አላውቅም፤ ካቴና ግን አውቃለሁ።

የፊቱን ማርሽ መቀየሪያ አውልቀህ፣ ከሦስቱ ጥርሳም ክቦች መካከለኛውን ብቻ እንዳስቀረህ ከሩቅ ለየሁት። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ፊት ለፊት አንድ ክብ ብቻ ሲኖር ሽቦው ይቀንሳል፣ የሚበላሸው ይቀንሳል፣ የሚያጸዱት ይቀንሳል። የዓለም የተራራ ብስክሌተኞችም ዛሬ የሚነዱት እንዲህ ያለውን ነው። ነገር ግን የጣልከው ዕቃ ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱን ታውቀዋለህ፤ ካቴናውን ከክብ ወደ ክብ ይገፋል። ሁለተኛውን ማንም አልነገረህም፤ ካቴናውን ግራና ቀኝ ይዞ እንደ አጥር ይጠብቃል። አጥሩን ነቅለህ ከብቱ ጠፋ ብለህ ታማርራለህ።

የቀረልህ ክብም ታማኝ አይደለም። ከሦስት ክቦች አንዱ እንዲሆን የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ አጠር ያለ ነው፤ ጎኑ ላይም ካቴናው የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ ተቀርጾበታል። ልብ ብለህ ብታየው አንዳንዱ ጥርስ ጫፉ የተቆረጠ ይመስላል። ጉድለት አይደለም፤ ካቴናውን ቶሎ እንዲለቅ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ያለዚያ ማርሹ አይቀየርም ነበር። እንዲለቅ የተሠራውን ለምን ለቀቅክ ብለህ አትቆጣው።

እስቲ አስታውስ፤ የወረደብህ መቼ ነው? ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ነው? አይመስለኝም። ስትረግጥ የላይኛው የካቴና መስመር እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ በጥርሱ ላይ ተጭኗል፤ የሚሄድበት የለውም። የሚወርደው ቁልቁለቱ ጀምሮ፣ አንተ እግርህን አሳርፈህ፣ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲነጥር ነው። ያን ጊዜ ውጥረቱ ይጠፋል፤ ካቴናው ከላይም ከታችም እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል፤ አንዱ ማዕበል ፊተኛው ክብ ላይ ሲደርስ ካቴናውን ከጥርሱ ያነሣዋል። አንድ ጥርስ ካመለጠው የቀረው ይከተላል። ስለዚህ «ካቴናዬ ለምን ይወርዳል» ብለህ አትጠይቅ፤ «የት ነው የላላው» ብለህ ጠይቅ። እኔ ለአንተ ያለኝ ምክር ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

በእኛ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። ከወንጂ አገዳ ማሳ መጥተው የሚጠጋገኑት ብስክሌቶች ፊትም ኋላም አንድ አንድ ጥርሳም ክብ ብቻ ነበራቸው። ካቴና ላላ ማለት የኋላውን ዳዶ ፈትተህ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስበህ፣ መልሰህ ማጥበቅ ነው። አለቀ። (ካቴና፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬን፣ ስንል ሁሉ ጣሊያን ትቶልን የሄደውን ነው የምንጠራው።) በአንተ ብስክሌት ግን ጎማው ወደ ኋላ የሚሳብበት ቦታ የለም። ውጥረቱን የሚጠብቀው የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ውስጥ ያለ አንድ ጥምዝ ሽቦ ነው። እሱ ከደከመ፣ ወይም ካቴናው ረዝሞ ከአቅሙ በላይ ከሆነበት፣ አበቃ።

ካቴናህ ደግሞ ረዥም ነው፤ ሳላየው እምልልሃለሁ። የተቆረጠው ለትልቁ ክብ ነበር፤ አንተ ትልቁን አንሥተህ ካቴናውን እንዳለ ተውከው። ልኩን እንዲህ ታገኘዋለህ። ካቴናውን በማርሽ መቀየሪያው ውስጥ ሳታሳልፍ፣ ከፊቱ ክብ ወደ ኋላ ትልቁ ማርሽ አዙረህ ጫፎቹን ወጥረህ አገናኝ። ከሚገጣጠሙበት ላይ አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ ዘለበት ጨምር፤ ሌላውን ቁረጥ። ከዚህ አሳጥረህ ብትቆርጥ ግን ትልቁ ማርሽ ላይ ስትደርስ መቀየሪያውን ገንጥሎ ይጥልልሃል፤ ለክተህ፣ እንደገና ለክተህ፣ ከዚያ ቁረጥ።

አሁን ወደ ዋናው ጠላትህ ልምጣ፤ ወደ አቧራው። አዳማችን ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚህ የምንረግጠው አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ቀላል ድንጋይ ነው፤ ሲደቅቅ በዓይን የማይታይ የመስታወት ስባሪ ይሆናል። ነፋሱን ደግሞ ታውቀዋለህ። የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች ተተክለው 51 ሜጋዋት የሚያመነጩት እዚህ ነፋስ ስላለ ነው፤ ያ ነፋስ በበጋ አቧራውን አንሥቶ ካቴናህ ላይ ይነሰንሰዋል። እንግዲህ አንተ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከጋራዥ ለምነህ ካቴናው ላይ ስታፈስ ምን እየሠራህ እንደሆነ አስብ። አቧራውን በዘይት እያቦካህ ሞረድ እያዘጋጀህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ አድርጌዋለሁ፤ ደንበኞቼ በየጊዜው ካቴና ሲገዙም እኔ ተጠቅሜያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከካቴናው ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት በነጭ ጋዝ እጠብ፤ በጨርቅ አድርቅ፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ አቆየው። ከዚያ ቀጭን ዘይት፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠጣው ዓይነት፣ በየቀለበቱ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት ጊዜ አዙረህ ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ እጅህን እስከማያጠቁር ድረስ። ዘይቱ ሥራ ያለው ውስጥ ነው፤ ውጪ የቀረው አቧራ መጥሪያ ነው። በአብጃታ ዳርቻ፣ ሶዳው በነጣበት መሬት ላይ ነድተህ ከመጣህ ግን እስከ ነገ አታሳድረው፤ ያ ጨው በአንድ ሌሊት ዝገት ያበቅላል።

ካቴና ተለጠጠ ይባላል። ብረት እንደ ጎማ አይለጠጥም፤ የሚያልቀው በፒኑና በቀለበቱ መካከል ያለው ነው። ትንሽ ትንሽ እየተበላ ሲደመር ካቴናው ይረዝማል፤ የረዘመ ካቴና ጥርሱ ውስጥ አይቀመጥም፤ ጥርሱ ጫፍ ላይ ይወጣል። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግህም። የተማሪ ማስመሪያ ግን አይሆንም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል፤ የሚያስፈልግህ 30.48 ነው። የአናጢ የብረት ሜትር አምጣ፤ በኢንች የተጻፈበትን ወገን ያዝ። ዜሮውን አንድ ፒን መሐል ላይ አድርገህ ቀጥሎ ያሉትን ቁጠር፤ አዲስ ካቴና ከሆነ 24ኛው ፒን ልክ 12 ኢንች ላይ ይቆማል። ከ12 በላይ የኢንች አንድ 16ኛ፣ ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ፣ ካቴናውን ቀይር። ሁለት እጥፍ ካለፈ ካቴናው ጥርሶቹንም በልቷል፤ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገዛ በአሮጌው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያበሳጭሃል። የጥርሱ ቅርጽ እንደ ሻርክ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሜትር እንኳ አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ደግሞ ብዙ ጠጋኝ አያይም። የመጀመሪያው፣ የኋላው መቀየሪያ የተሰቀለበት ትንሽ ጆሮ ነው። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ያውቃል? በሚኒባስ ጣራ ላይ ታስሮ ከዝዋይ መጥቷል? (ባቱ በል ካልከኝ ባቱ።) እንግዲያው ጆሮው ሳይጣመም አይቀርም። ከኋላ ተንበርክከህ እይ፤ የመቀየሪያው ሁለት ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች ከማርሹ ጋር በአንድ መስመር ካልቆሙ ችግሩ እዚያ ነው። ሁለተኛው የኋላው ጎማ እንብርት ነው። ጎማውን ከመሬት አንሥተህ ፔዳሉን በኃይል አዙርና ልቀቀው። ጎማው እየዞረ የላይኛው ካቴና ከላላና ከተንጠለጠለ፣ ያ ቅጭ ቅጭ የሚለው ክፍል በአቧራ ተጣብቆ ካቴናውን ወደ ፊት እየገፋው ነው። አንተ ስታርፍ እሱ ያላላል። ይህን ሳታይ ሺህ ካቴና ብትቀይር ይወርዳል።

አሁን ስለ አዲሶቹ ዕቃዎች፤ ውጭ አገር ያለው አጎትህ ምን ልላክልህ እንዳለህ ሰምቻለሁና። ካቴና ሲታይ አንዱ ዘለበት ሰፊ፣ ቀጣዩ ጠባብ ነው። ስራም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንን ተከትሎ አንዱን ጥርስ ወፍራም፣ ቀጣዩን ቀጭን አድርጎ ፊት ለፊት አንድ ክብ ብቻ ያለውን ማርሽ ለገበያ አወጣ። ወፍራሙ ጥርስ ሰፊውን ዘለበት ሞልቶ ስለሚይዘው ካቴናው ጎን ለጎን መወዛወዣ ያጣል። ለዚህ ነው የእነዚህ ክቦች ጥርስ ቁጥር ሁልጊዜ ተጋማሽ የሚሆነው፤ 30፣ 32፣ 34። ስትገጥመውም ወፍራሙን ከሰፊው አጋጥም፤ አንድ ጥርስ ብታዛንፍ ካቴናው ላዩ ላይ ተቀምጦ ይንሳፈፋል። ሺማኖ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኋላ መቀየሪያው እንዳይወናጨፍ የሚይዘው የውስጥ ፍሬን ሠርቶበታል። ይህንን ፍሬን የምታበራና የምታጠፋ ትንሽ ማንሻ አለችው፤ ጎማ ለማውጣት ያጠፏታል፤ መልሰው ማብራት ይረሳሉ። ውድ ዕቃ ገዝተው «ይሄም ይወርዳል» ብለው የመጡ ልጆች አጋጥመውኛል፤ በአንድ ጣቴ መልሼላቸዋለሁ፤ ገንዘብም አልተቀበልኩም።

አጎትህን የምትጠይቀው ክቡን ነው፤ መቀየሪያው ውድ ስለሆነ ይቆይ። መጀመሪያ ግን ክብህ በቡሎን የታሰረ መሆኑን እይ። ርካሾቹ ላይ በሪቬት ስለሚመቱት አይፈታም። አራት ቡሎን ካለው ከአንዱ መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ለካ፤ 73.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ «ባለ 104» ብለህ ጻፍለት፤ ይገባዋል።

እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ያወለቅከውን የፊት መቀየሪያ ከቆሻሻው ውስጥ ፈልገህ መልስ። ሽቦ አያስፈልገውም። በላዩ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች በካቻቢቴ እያዞርክ ሳጥኑን በቀሪው ክብ ልክ ላይ አቁመው፤ ብሎኑ ብቻውን ካልያዘልህ በአጭር ቁራጭ ሽቦ እሰረው። ከእንግዲህ ማርሽ አይቀይርም፤ አጥር ነው። ክቡ በሪቬት የተመታ ብስክሌት ያለው ጓደኛህም በዚህ ይድናል። መልኩ አያምርም፤ ግን ይሠራል። እኔ ብሆን አዲስ ክብ ከመጣም በኋላ አላወልቀውም ነበር።

የድሃ ብስክሌት ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። የእኛው ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በጋለበበት በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ላይ፣ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2002 ዓ.ም. የመሪውን ቢጫ ማሊያ የለበሰውን ሉክሰምበርጋዊ አንዲ ሽሌክን ተራራ ላይ ማርሽ ሲቀይር ካቴናው ወርዶበት አቁሞታል። ተፎካካሪው አልቤርቶ ኮንታዶር ጥሎት ሄደ፤ በዚያ ቀን ሽሌክ 39 ሰከንድ ተቀደመ። ፓሪስ ሲደርሱ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ያው 39 ሰከንድ ነበር። ድሉ በኋላ ከኮንታዶር በአበረታች ዕፅ ምክንያት ተነጥቆ ለሽሌክ ተሰጠ እንጂ፣ ሰውዬው በካቴና ተሸንፎ ቀርቶ ነበር። ዳገት ላይ ስትረግጥ አይወርድም አላልክም ወይ ትለኝ ይሆናል። እሱ ፊት ለፊት ሁለት ክብ ነበረው፤ ማርሽም እየቀየረ ነበር። የአንተ አንድ ነው፤ ሰበብ የለህም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ካቴናው ሲወርድ እየሄድክ በጣትህ ለመመለስ አትሞክር። እኔ ከኢተያ ወደ ዴራ ስወርድ ሞክሬው የግራ እጄ ሌባ ጣት ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ቁም፤ ውረድ፤ የኋላውን መቀየሪያ ወደ ፊት ገፍተህ ካቴናውን አላላ፤ በእንጨት አንሥተህ ከላይኛው ጥርስ ላይ አስቀምጥና ፔዳሉን በእጅህ ቀስ ብለህ ወደ ፊት አዙር።

ሜትሩና ነጭ ጋዙ እኔ ዘንድ አለ። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ና፤ የፊቱን መቀየሪያም ለቆራሌው ካልሸጥከው ይዘኸው ና።