የማን ጎሜ ነው?

መሬት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ «በሬክተር ስንት ነው?» እንላለን፤ ቀጥሎ «ምን ብናጠፋ ነው?» ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር አልረጋ ብሎ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው ሰው በሌሊት ደረጃ ሲወርድ፣ ሁለቱንም ጥያቄዎች ፌስቡክ ላይ አንብበናል። የተማረው በሁለተኛው ይስቃል። እኔ አርባ ምንጭ ሆኜ መሳቅ ይከብደኛል።

ጋሞ ውስጥ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ወጋን፣ ማለትም የአባቶችን ሥርዓት፣ የጣሰ ሰው ጥፋቱ እሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሽታ ወይም የሰብል መጥፋት ሆኖ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ይነካል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ጥፋቱ ይፈለጋል፣ አጥፊው ይናዘዛል።

ምድሩስ? አባያና ጫሞ የተኙት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የአፍሪካና የሶማሊያ ቴክቶኒክ ፕሌቶች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ይሄ በማንም ኃጢአት አልመጣም፤ ሰው ከመፈጠሩ በፊትም ነበር። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴ፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶ ተመቱ። በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የእኛው ጋሞ ጎፋ መጠኑ ከ6 ባለፈ መንቀጥቀጥ ተናጠ። ሐይቆቻችንን የሠራውም ይኸው መሰንጠቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1755 ሊዝበን ስትፈርስ ቮልቴር «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚሉትን ሞገተ። ሩሶ በደብዳቤ ሲመልስለት፣ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን ሃያ ሺህ ቤቶች እዚያ የሰበሰበው ተፈጥሮ እንዳልሆነ አስታወሰው።

የሩሶን ነገር ለመረዳት ዶርዜ መውጣት በቂ ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይሸመናል፤ ቢወዛወዝ እንኳን ሰው ላይ የሚጭነው ድንጋይ የለውም። ታች ከተማው ውስጥ ግን የምንሠራው በብሎኬትና በአርማታ ነው። ኮለን ውስጥ የቆሙትን ፌሮዎች አቅፎ የሚይዝ ስታፋ የሚባል ቀጭን ብረት አለ። ኮለኑ ከቢም ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስታፋው መቀራረብ አለበት፤ ከተራራቀ መሬት ሲወዛወዝ ኮለኑ እዚያው ይፈነዳል። የአገራችን የሕንፃ ኮድ ስለ መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ግን አርማታ ከተሞላ በኋላ ስታፋውን ማን ያየዋል?

እንግዲህ የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ልክ ነው እላለሁ፤ የምንልክበት አድራሻ ነው የተሳሳተው። ምድር ስለ ኃጢአታችን አትንቀጠቀጥም። ከኮለን ላይ የተሰረቀ ብረት ግን የአንዱን ጥፋት ምንም ባላጠፋ ተከራይ ልጅ ላይ ይጥላል። ጎሜ ማለትስ ይኸው አይደል?

«ድሃው ምን ያድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። ባለው ጭቃና እንጨት የሠራ ሰው ወጋ አልጣሰም፤ ድህነት ጎሜ አይደለም። ጎሜው ፎቅ ለመጨመር ገንዘብ ያላነሰው፣ ለስታፋ ሲሆን ግን የሚያንሰው ሰው ጋ ነው፤ ሳያይ የፈረመለትም አብሮ አለበት።

ጎሜ የሚፈለገው መከራው ከደረሰ በኋላ ነው። ይሄኛውን ግን ቀድሞ ማግኘት ይቻላል። ቤት የምትሠሩ ወይም የምታሠሩ ካላችሁ፣ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ገብታችሁ ስታፋውን ቁጠሩ።