ከሰማይ የወደቀ ሰው

በጨጨሆ በኩል ወደ ጋይንት የሚገባ መንገደኛ በስተምዕራብ የጉናን ተራራ እያየ ይጓዛል። ከዚያ አገሩ ወደ ደቡብ እየወረደ በስማዳ በኩል እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ገደል ይዘልቃል፤ እስቴም ከጉና ሥር ተነሥታ ወደ ዓባይ ታዘነብላለች። ይህ አገር ጠላቱን ሲያውቅ የኖረው በእግሩ ወይም በፈረሱ ሲመጣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. በዚሁ አቅጣጫ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ እንኳ መድፉ የሚሄደው በምድር ላይ ነበር፤ ክብደቱን የጎተተው ሰው በትከሻው ያውቀው ነበር። የሚገድል መሣሪያ ፊት ነበረው፤ ከጀርባውም የሚታይ ሰው ነበረው።

በ1928 ዓ.ም. ይህ ልማድ ፈረሰ። በራስ ካሣ ሥር ወደ ተምቤን የዘመተው የቤጌምድር ሠራዊት ጠላቱን ከማየቱ በፊት ድምፁን ሰማ። ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ ደብረ ታቦር ሚያዝያ 20 ቀን በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ በኋላም በ1929 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በላስታ፣ በቤጌምድርና በጎጃም ሰፊው ሕዝብ በወራሪው ላይ ሲነሣ፣ ሞት የሚመጣው ከላይ ሆነ። ገበሬው ጠመንጃ አለው፤ ዋሻም አለው፤ የሚተኩስበት ሰው ግን አይታየውም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የጦር ስልት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ደም ያለ ባለቤት አይቀርም። ደመኛ ስም አለው፤ አባት አለው፤ የሚገባበት ቀዬ አለው። የሟች ወገን ቢበቀልም የሚበቀለው ያን ሰው ወይም የዚያን ሰው ወገን ነው። እርቅም ቢወርድ ሽማግሌ ድንጋይ አሸክሞ ከሟች ደጅ የሚያቆመው ሰው በመኖሩ ነው። በቦምብ የተቃጠለ ጎጆ ባለቤት ግን ማንን ይከተላል? ማንንስ ይታረቃል? ገዳዩ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ አቧራ እንኳ አያስነሣም። እንግዲህ ከብዙዎቹ አይሮፕላኖች አንዱ ሞተሩ ከድቶት ወይም ጥይት አግኝቶት ከማሳ ላይ ቢወድቅ፣ ከውስጡም አንድ ወጣት እጁን አንሥቶ ቢወጣ፣ ያ ወጣት ምንድን ነው? ምርኮኛ ነው? ደመኛ ነው? ወይስ የሰማዩ ዕዳ ሁሉ የሚከፈልበት መያዣ ነው?

መልሱ ቀላል የሚመስለው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ ቦምብ ላልወረደበትና ለወረደበት።

ከላይ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ከራሱ ቃል ይታወቃል። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በዚህ ጦርነት ገና 19 ዓመቱ ሳለ በቦምብ ጣይ አይሮፕላን ይበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ በረራዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ ቦምብ ያረፈበትን የፈረሰኞች ጭፍራ ከሚፈካ አበባ ጋር አመሳስሎታል። ዓለም በዚህ አባባል ተጸይፏል፤ መጸየፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ወጣቱ ይህን የጻፈው የተለየ አውሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከዚያ ከፍታ ላይ የሚታየው በእርግጥ አበባ መሰል ነገር ነው። ጩኸቱ አይሰማም፤ የሚቃጠል ሥጋ አይሸትም። ክፋቱ በዓይኑ ላይ ሳይሆን ዓይኑ የማያየውን ለማሰብ እምቢ ባለው ልቡናው ላይ ነው። የወደቀ አብራሪ እንግዲህ ከፍታውን የተነጠቀ ሰው ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጥብ ሆነው ይታዩት የነበሩት ሰዎች ፊት ይኖራቸዋል፤ እርሱም ለእነርሱ ፊት ይኖረዋል።

ይህ ሁኔታ በኦጋዴን በተጨባጭ ደርሷል። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ኢጣልያዊ አብራሪ ከባልደረባው ከሊቪዮ ዛኖኒ ጋር በደጋሐቡር አካባቢ ለማረፍ ተገደደ፤ ሁለቱም ተገደሉ። ስለ አሟሟታቸው የተነገረው ብዙ ነው። ግራዚያኒ ግን ጊዜ አላጠፋም። ምርኮኛ አብራሪ አንገቱን ተቀልቷል፣ የመንግሥታት ሕግ ተጥሷል፣ ስለዚህ የሚገባችሁን ታገኛላችሁ የሚል ወረቀት በአይሮፕላን አስበተነ። ታኅሣሥ 20 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ጦር ሰፈር ሐኪም ቤት ደበደቡ። የፋሺስት ጋዜጦችም የመርዝ ጋዙን ሳይቀር ለሚኒቲ ደም የተከፈለ ቅጣት አድርገው ለማቅረብ ሞከሩ።

የቀን ቁጥር ግን አያሽቃብጥም። ራስ እምሩ ሠራዊታቸውን ይዘው በተከዜ ዳር ሳሉ ያ እንግዳ ፈሳሽ ከተሰባበሩ በርሜሎች በሰው እጅ፣ እግርና ፊት ላይ የተረጨው ታኅሣሥ 13 ቀን ነው። ሚኒቲ ገና በሕይወት ነበር። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ ላለመጠቀም የተደረገውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ካጸደቀች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ቅጣቱ ከጥፋቱ ሦስት ቀን ቀደመ ማለት ነው! ወራሪው ሕግ የፈለገው የራሱ ሰው ሲወድቅ ብቻ ነበር።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ የጠላት ሐሰት ስለተጋለጠ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። የግራዚያኒ ሐሰተኛነት በደጋሐቡር የሆነውን ነገር ትክክለኛ አያደርገውም፤ ስሕተትም አያደርገውም። ጥያቄውን ወደ ራሱ ወደ ተጠቂው ይመልሰዋል እንጂ። ጠላት ሕግ ከሌለው፣ በምድር ላይ የቀረውን ሰው የሚገዛው የማን ሕግ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሞከሩ ወጣቶች በወለጋ ነበሩ። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ምሁራን በምዕራብ ተሰባስበው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ መሪያቸውም የእንስሳት ሐኪም የነበረው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣልያ አይሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ በቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። የመጡት ወለጋን ያለ ውጊያ ለማስገባት ነበር። በዚያው ሌሊት አርበኞቹ ጥቃት አደረሱ፤ አይሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒ፣ ሻለቃ አንቶኒዮ ሎካቴሊና ሌሎችም ሞቱ። ከመጡት መካከል የተረፉት ሚስዮናዊው አባ ቦሬሎ ናቸው።

ሎካቴሊ ተራ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1918 ከባለቅኔው ከዳኑንሲዮ ጋር እስከ ቪየና በረው ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ብቻ በትነው ከተመለሱት አብራሪዎች አንዱ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አይሮፕላኑ ተመትቶ በኦስትሪያውያን እጅ ወደቀ። አልገደሉትም፤ አሰሩት፤ እርሱም ከእስር አመለጠ። ከሰማይ ወድቆ በጠላት እጅ በሕይወት መቆየት ምን እንደሆነ በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እርሱ ነበር ማለት ይቻላል። ቪየና ላይ ወረቀት የበተነው ትውልድ አድዋ ላይ መስከረም 22 ቀን ቦምብ ጣለ። ለምን? ቪየና በእርሱ ዓይን ከተማ ነበረች፤ ባለቤትም ነበራት። የቅኝ ገዢነት አስተሳሰብ ዋናው ሥራ ይኸው ነው፤ ሰውየው በክንፉ ላይ ሳይወጣ ገና መሬት ላይ ሳለ ከፍታውን በልቡ ያዘጋጅለታል።

በተኩስ መካከል የሞተ ጠላት ምርኮኛ አይደለም፤ ስለዚህ የቦናያ ሌሊት ለአርበኞቹ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ጥቁር አንበሶች አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ከገበሬው ላይ በደል እንዳይደርስ ከሚለው ጋር ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ የሚል ቃል አስገቡ። ልብ በሉ፤ ሙሶሊኒ የተያዘ ዐመፀኛ ሁሉ በጥይት እንዲደበደብ ትእዛዝ ያስተላለፈው ግንቦት 28 ቀን ነው። እነዚህ ወጣቶች እስር ቤት የላቸውም፤ ዳኛ የላቸውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል፤ ዋና ከተማቸው ተይዟል። ታዲያ በጫካ ውስጥ ስለ ምርኮኛ አያያዝ መጻፍ ምን ይባላል? የፈረንጅ ትምህርት ቤት ያስለመደው ጌጥ ነው የሚል ሰው አይጠፋም።

ጌጥ አልነበረም። በግራዚያኒ መዝገብ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል አገር ከግንቦት ጀምሮ የለም፤ ያለው ሽፍታ ብቻ ነው። ሽፍታ ይገድላል፤ ምርኮኛ ግን የሚይዘው መንግሥት ነው። የወደቀውን አብራሪ «ተይዘሃል» የሚለው ሰው በአንዲት ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንተ በእኔ እጅ ነህ፣ እኔም ከሕግ በታች ነኝ። በዚያች ቅጽበት በተያዘ ምድር ላይ አንዲት ጋሻ የምታህል ነጻ አገር ትቆማለች። ምሕረቱ ለአብራሪው የሚሰጥ ስጦታ አይደለም፤ አብራሪው ላይገባው ይችላል። የመማረክ ሥልጣን የማን እንደሆነ የሚያስታውቅ አዋጅ ነው።

ከጠላት በኩል ተመሳሳይ ብድር እንደማይመለስ ደግሞ ታየ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በጠላት እጅ ከገቡት የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ የየካቲት 12 ፍጅት በተከተለው የበቀል ወቅት ተረሸኑ። ደንቡን ያወጡት ወገኖች ደንቡ አላዳናቸውም።

ይህን ሁሉ ወደ ስማዳና ወደ ጋይንት ገደል ሲያወርዱት ግን ነገሩ ይከብዳል፤ መክበዱንም መሸፈን ነውር ነው። አርበኛው የሚያድረው በዋሻ ነው። ምርኮኛ እህል ይበላል፤ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂው ደግሞ ከውጊያው ይጎድላል። ቢለቀቅ መንገዱን፣ የውኃውን ቦታ፣ የዋሻውን አፍ አይቶ ይሄዳል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ሴቶችና ሕፃናት ከአርበኞቹ ጋር በተጠለሉበት በመርዝ ጋዝ ተፈጅተዋል። አንድ ዋሻ መታወቁ ምን እንደሚያስከትል ይህ ይበቃል። እንግዲህ አንዲት እናት «ይህን ሰው አቆይታችሁ ልጆቼን ልታስፈጁ ነው» ብትል ምን ይመለስላታል? ዋጋውን ሌላው እንዲከፍል አድርጎ የሚማር ሰው ለጋስ አይባልም። ስለ ምርኮኛ የተጻፉት ሕጎች ሁሉ የተጻፉት እስር ቤት፣ ጎተራና አጥር ባላቸው መንግሥታት ነው።

የአገሩ ታሪክም በዚህ ረገድ አንድ ድምፅ የለውም። በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ በኋላ የተማረኩት ኢጣልያውያን በብዙ ርኅራኄ ተይዘው በውሉ መሠረት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነርሱ ጋር የተማረኩት የኤርትራ ተወላጅ ወታደሮች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የመጀመሪያውን አወድሶ ሁለተኛውን ማለፍ ልማድ ሆኗል። ነጩ ምርኮኛ ከኋላው የሚደራደርለት መንግሥት ነበረው፤ ጥቁሩ የሚደራደርለት አልነበረውም፤ ከሐዲም ተባለ። ምሕረቱ ዋጋ ያለውን ሰው መርጦ ከነበረ፣ በጉና ተዳፋት ላይ የሚወድቀው አብራሪ የሚጠብቀው ምሕረት ከዚያ የተለየ መሆን ነበረበት፤ ምክንያቱም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚደራደርለት መንግሥት ቢኖርም የሚደራደረው መንግሥት ተሰዶ ነበር።

በሌላው ዓለም ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። በተያዘችው ቤልጅግ ተራ ሰዎች ከጀርመን አምልጠው የሚሸሸጉ የእንግሊዝና የአሜሪካ አብራሪዎችን በነፍሳቸው ተወራርደው እስከ እስፓኝ ድንበር ያሻግሩ ነበር። በጀርመን ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1944 ጎብልስ ሕዝቡ በወደቁ አብራሪዎች ላይ የሚወስደውን በቀል ፖሊስ እንዳይከላከል የሚያበረታታ ጽሑፍ አወጣ። በቦምብ የተቃጠለ ከተማ ሰው ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ ቁጣውን ያደራጀው ግን ጌርኒካንና ኮቨንትሪን ያቃጠለው ሥርዓት ነው። ኑረምበርግ ላይ እሳት የወረደባት እናትና ስማዳ ውስጥ እሳት የወረደባት እናት ሐዘናቸው ቢመዘን የሚበላለጥ አይመስልም፤ ልዩነቱ ያለው ሐዘኑን ማን ለምን ዓላማ እንደሚነዳው ነው።

በ1933 ዓ.ም. የቤጌምድር ሰማይ ባለቤት ለወጠ። ከካርቱም የሚመጡ አይሮፕላኖች በአማርኛ የተጻፈ አዋጅና «ባንዲራችን» የተሰኘውን ጋዜጣ ይበትኑ ጀመር፤ በኋላም በደብረ ታቦርና በጎንደር ምሽጎች ላይ ቦምብ ጣሉ። ድምፁ ለገበሬው ያው ድምፅ ነው። የሚወድቀው አብራሪ ጠላት ይሁን ወዳጅ የሚታወቀው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያውም ቀርቦ ፊቱን ያየ፣ ቋንቋውን የሰማ ሰው ካለ። መጀመሪያ ተኩሶ በኋላ የሚጠይቅ እጅ በዚያ ዓመት ወዳጁን ሊገድል ይችል ነበር።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. በጎንደር ሰማይ ላይ ኢልደብራንዶ ማላቮልታ የተባለ ኢጣልያዊ አብራሪ በአሮጌ ፊያት አይሮፕላኑ ብቻውን ወጣ። ላንሰሎት ሆፕ የተባለ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል አብራሪ መትቶ ጣለው፤ ማላቮልታም ሞተ። በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ አይሮፕላን ከአይሮፕላን ጋር ተዋግቶ የወደቀበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው በማግሥቱ በኢጣልያ ምሽግ ላይ በርሮ ለወደቀው አብራሪ ክብር የጻፈውን፣ ጀግና ሰው ነበር የሚለውን ወረቀት ጣለ። ሰማይ ላይ የተያዩ ሁለት ሰዎች እንደዚህ ተሰነባበቱ። የጎንደር ምሽግ ኅዳር 18 ቀን እጁን ሰጠ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. በተከዜ ዳር የተቃጠሉት ሰዎች ስም በየትኛውም አይሮፕላን በተጣለ ወረቀት ላይ አልተጻፈም።