ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር አልፎ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግራና ቀኙ ነጭ ይሆናል። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ጥበብ ቀሚሱ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ገዥ ይጠብቃል። አብዛኛውን የሚሠሩት ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሸማኔ ወር ጠብቆ የሚቀበለው ደመወዝ የለውም፤ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገርም አያውቅም። እሱ ሲታመም መወርወሪያው በዚያው ዕለት ይቆማል፤ የክርና የጤፍ ዋጋ ግን አብሮት አይተኛም።

እንዲህ ላለው ሰው አንድ የሕዝብ ተወካይ በምክር ቤት ተነስቶ ስለ ሕክምናና ስለ ኑሮ ውድነት ሲናገርለት ምን እያደረገለት ነው? ይለምንለታል ወይስ ዕዳውን ይጠይቅለታል?

በዚህ ነገር ላይ የሃይማኖት ሰዎች ከፖለቲከኞች ቀድመው አስበዋል። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የቂሳርያው ባስልዮስ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በስሙ ቅዳሴ የምትቀድስለት አባት፣ ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ያቋቋመ ጳጳስ ነበር። ትምህርቱ ለባለጸጋ ጆሮ ይከብዳል፤ በሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ትርፍ ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው ይላል። እስልምናም ሰደቃንና ዘካን ለይቶ ያስቀምጣል። ሰደቃ ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ነው፤ ዘካ ግን በሀብቱ ላይ የተቆረጠ የድሃው ድርሻ ነው። በሁለቱም ዘንድ ድሃው ድርሻውን ሲቀበል አንገቱን እንዲደፋ አይጠበቅበትም።

የአዲስ አበባ ጎዳና የሚያሳየው ሌላ ነው። የታማሚ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ ያልፋል፤ መንገደኛው ኪሱን ዳብሶ አሥርም ሃምሳም ይጥላል። ደግ ሕዝብ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ኩላሊት ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ደግሞ ሽሮ ሜዳ ባለችበት በጉለሌ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሆስፒታሉን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ርዳታ ያሠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አቅም ለሌለው ሰው እንዲሆን አስበው ነበር። የንጉሥ ቸርነት ቤት ሠራ፤ ቤቱን በመድኃኒት ሞልቶ ማቆየት ግን ከቸርነት በላይ ይጠይቃል።

የምጽዋት ድካም በግልጽ የታየው በቅርቡ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወጪውን በብዛት የሸፈነው የውጭ ገንዘብ፣ በተለይም የአሜሪካ ነው። ከዚያ በፊት በሽሮ ሜዳ አልፎ እንጦጦ ጸበል የሚወጣው በሽተኛ ብዙም ሌላ ተስፋ አልነበረውም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል ሲናገሩ የብዙዎችን ጭንቀት አቀለሉ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሽሮ ሜዳ የጥምቀት ገበያዋን ጨርሳ ታቦታት ገና በጎዳና ላይ ባሉበት የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ዶናልድ ትራምፕ የውጭ ርዳታን ለ90 ቀናት የሚያግድ ትዕዛዝ ፈረሙ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ከጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ወጣ። ሰጪውን ማማት ይቻላል፤ መክሰስ ግን አይቻልም። ሲሰጥም ሲከለክልም ገንዘቡ የራሱ ነበር።

ክስ የሚቻለው ዕዳ ሲኖር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዚህ ላይ ሁለት ልብ ነው። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ፖሊሲዎች የጤና፣ የውሃ፣ የምግብና የመኖሪያ ቤት አገልግሎትን ለሁሉም ለማዳረስ ያልሙ ዘንድ ያዛል፤ ሆኖም የሀገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ። ባለዕዳው የራሱን አቅም ራሱ የሚለካ ከሆነ አበዳሪው ምን ቀረው? ከመካከል የሚቆም ያስፈልጋል፤ በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ይኸው ነው። አንቀጽ 54 አባላቱን ለሦስት ነገር ብቻ ተገዥ አድርጓቸዋል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ ፈቃድና ለሕሊናቸው። ፓርቲ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሕሊና በቁጥር ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ 2002ቱ ምርጫ መመለስ ነው። ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያኔ ገዥ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ። አንዱ የግል ተመራጩ ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ፣ አንዱ ደግሞ በተቃዋሚው መድረክ ስም ከአዲስ አበባ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። ዘመኑ የዋጋ ዘመን ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ሲጠፋ ከወራት በኋላ አብዛኛውን አነሳ። ክረምቱ ሲገባ የዋጋ ንረቱ ወደ 40 በመቶ ተጠጋ። ለአምስት ዓመት አዲስ አበቤ በዜና «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» የሚለውን መስማት ለመደ።

አንድ ድምፅ በጀት አያዞርም። ታዲያ አቶ ግርማ እጃቸውን ማውጣታቸው ምን ፈየደ? የሳቁባቸው ነበሩ፤ ጌጥ ናቸው ያሏቸውም አልጠፉም። ነገር ግን ሁሉም እጅ በአንድ ላይ ሲወጣ ዕዳው ዕዳ መሆኑ ይረሳል፣ የተሰጠው ሁሉ ስጦታ ይሆናል። ጤና ጣቢያ የተሠራለት ወረዳ ተወካይም «መንግሥትን እናመሰግናለን» ብሎ ይቀመጣል። የተቃወመው አንድ ሰው ከመዝገቡ ላይ ያኖረው የገንዘብ ጠያቂን ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም። ይህ ሸማኔውን አያድነውም። ሕሊናም በመናገር ብቻ ነጻ አይወጣም፤ ንግግሩን ተከታትሎ ከአዋጅ፣ አዋጁን ተከታትሎ ከመድኃኒት መደርደሪያ ማድረስ ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ነው ምክር ቤቱ የሚወቀሰው። ደመወዝተኛውን የሚያቅፈው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ጸድቆ ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ተቀመጠ። እንደ ሸማኔው ላለው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፋ፤ መልካም ሥራ ነው። ካርዱን ይዞ የሄደው ታካሚ ግን «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» መባልን ለምዶታል። ግብሩም እንደዚያው ነው። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ተብሎ ተወስኖ ዘጠኝ ዓመት ቆየ፤ ምክር ቤቱ 2,000 ብር ያደረገው ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ37 በመቶ አልፎ ነበር፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር ለገበያ ተለቆ ምንዛሪው በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ።

አንቀጽ 54 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ በሕግ መሠረት ማንሳት እንደሚችልም ይናገራል። የሽሮ ሜዳ መራጭ ያን ያህል ርቆ ባይሄድ እንኳ ተወካዩን ሲያገኝ ይጠይቀው፦ የጤና በጀት ሲጸድቅ እጅህን በምን ላይ አወጣህ? ስለ መድኃኒቱ መጥፋት ሚኒስትሩን ስንት ጊዜ ጠየቅህ፣ ምንስ ተመለሰልህ?